«ሌላ አላየሁም»፦ ሴል ሲከፈል ለማየት የተደረገ የአንድ ክፍል ሙከራ

ዳራ

ጉዳዩ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ ክፍል ነው። መምህሯ ማይቶሲስን፣ ማለትም አንድ ሴል ለሁለት የሚከፈልበትን ሂደት፣ አስተምራ ጨርሳለች። ተማሪዎቹም ተፈትነው ደህና ውጤት አምጥተዋል። የክፍፍሉ አራት ደረጃዎች፦ ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ፣ ቴሎፌዝ። ከእንቅልፋቸው ቀስቅሰው ቢጠይቋቸው ቅደም ተከተሉን አይስቱም። የቀረው የሸመደዱትን በዓይናቸው ማየት ብቻ ነበር።

ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የሽንኩርት ሥር ነው። ምክንያት አለው። የሽንኩርት ሴል ያሉት ክሮሞሶሞች (ዲኤንኤውን የያዙት ክሮች) 16 ብቻ ናቸው፤ ትልልቅም ናቸው። ተራ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ይበቃቸዋል። አሠራሩም ሲነገር ቀላል ነው። ሽንኩርቱ ታቹ ብቻ ውሃ እንዲነካ አድርጎ ብርጭቆ አፍ ላይ ማስቀመጥ። በጥቂት ቀናት ነጫጭ ሥሮች ይወጣሉ። ሥሮቹ ተቆርጠው 3 እጅ አልኮልና 1 እጅ አሴቲክ አሲድ የተደባለቀበት ፈሳሽ ውስጥ ይገባሉ። ፈሳሹ ሴሎቹን ቶሎ ይገድላቸዋል። እያንዳንዱ ሴል በዚያች ሰዓት የነበረበት ሁኔታ ላይ እንዳለ ይቀራል። ከዚያ ቀለም ተነክረው፣ ስላይድ ላይ ተጨፍልቀው ይታያሉ።

እኔ ወደ ጉዳዩ የገባሁት ሙከራው ካለቀ በኋላ ነው። መምህሯ ባልደረባዬ ናት። የተማሪዎቹን ሪፖርት ይዛ መጣችና «እስቲ ይህን እየው» አለችኝ።

የገጠመው ችግር

ሪፖርቶቹን ላያቸው እንከን የላቸውም። አራቱም ደረጃዎች ተስለዋል። ክሮሞሶሞቹ መሃል ላይ ተሰልፈዋል፤ ክሮሞሶሞቹን የሚጎትቱት የስፒንድል ክሮች ከዳር እስከ ዳር ተዘርግተዋል። አንዳንዶቹ ላይ ሴንትሪዮል ሳይቀር (በእንስሳ ሴል የስፒንድል ክሮች መነሻ ላይ ያለ ትንሽ አካል ነው) በሁለቱም ጫፍ ቁጭ ብሏል። ነገሩ መሽተት የጀመረው እዚህ ጋ ነው። የሽንኩርት ሴል ሴንትሪዮል የለውም። አበባ ያላቸው ዕፅዋት ስፒንድላቸውን የሚሠሩት ያለ ሴንትሪዮል ነው። ልጆቹ የሳሉት ማይክሮስኮፑ ያሳያቸውን ሳይሆን መጽሐፋቸው ላይ ያለውን የእንስሳ ሴል ነበር። በአጭሩ፣ ኮርጀዋል።

አንዷ ተማሪ ግን የሳለችው አንድ ዓይነት ሴል ብቻ ነው። ረዘም ያለ፣ መሃሉ ላይ ክብ ኒውክለስ ያለው። ከሥሩ «ሁሉም ሴል ኢንተርፌዝ ላይ ነው። ሌላ አላየሁም» ብላ ጽፋለች። ኢንተርፌዝ ሴሉ በመከፈል ላይ ያልሆነበት ጊዜ ነው። ከክፍሉ ዝቅተኛውን ማርክ ያገኘችው እሷ ነበረች።

ስላይዶቹን አውጥተን አየናቸው። ልጅቷ ትክክል ናት። ግማሾቹ ላይ ያሉት ረጃጅም ሴሎች ናቸው፤ ሁሉም ውስጥ አንድ የተረጋጋ ክብ ኒውክለስ አለ። ሌሎቹ ላይ ደግሞ ብርሃን የማያሳልፍ ጥቁር ጉብታ አለ፤ ሴል ከሴል ተደራርቦ የማይለይበት። በመከፈል ላይ ያለ ሴል በአንዱም ላይ አልነበረም።

ስለዚህ ችግሩ ሁለት ነው። ስላይዱ ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም። የሚታይ ነገር አለመኖሩን ደግሞ ከአንዷ በቀር የነገረን የለም። የመጀመሪያው የአሠራር ችግር ነው፤ ይስተካከላል። ሁለተኛው በእኔ ግምት ይከፋል።

መጀመሪያ የተሞከረውና ያልሠራው

ጣት የተቀሰረው ቀለሙ ላይ ነበር። የተጠቀሙት አሴቶካርሚን የሚባለውን ቀይ ቀለም ነው። ምናልባት በደንብ አልያዘም ተብሎ ሥሮቹ ቀለሙ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ እንዲቆዩ ተደረገ። ውጤቱ የባሰ ሆነ። ከኒውክለሱ ውጪ ያለው ሳይቶፕላዝምም ቀላና ኒውክለሱን ከአካባቢው መለየት አስቸገረ።

ቀጥሎ ተራው የሌንሱ ሆነ። 40 ጊዜ የሚያጎላው ተትቶ ባለ 100ው፣ ዘይት የሚፈልገው ሌንስ ተገጠመ። ይህም ምንም አልፈየደም። የሽንኩርት ክሮሞሶም በባለ 40ው ሌንስ በደንብ ይታያል። መከፈል ያልጀመረ ኒውክለስን ብታጎላው የምታገኘው መከፈል ያልጀመረ ትልቅ ኒውክለስ ነው።

ፍንጩ የተገኘው ከሥዕሉ ነው

የዚያችን ተማሪ ሥዕል እንደገና ስናየው የሴሉ ቅርጽ ዓይን ውስጥ ገባ። ቁመቱ የወርዱን ሦስት አራት እጥፍ ይሆናል። ከስላይዱ ጋር አስተያየነው፤ አላጋነነችም። ይህ ቅርጽ ሴሉ ከሥሩ የትኛው ክፍል እንደመጣ ይናገራል።

ሥር ከጫፉ ጀምሮ አንድ ዓይነት አይደለም። ጫፉ ላይ ሥሩ አፈር ሲሰረስር የሚከላከልለት ቆብ አለ። ከቆቡ ኋላ ያለው ክፍል ሜሪስተም ይባላል፤ ሴሎች የሚከፈሉት እዚህ ነው። በሽንኩርት ይህ ክፍል ከጫፉ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ውስጥ ይገኛል። ሴሎቹ ትንንሽ፣ አራት ማዕዘን የሚመስሉ ናቸው፤ ኒውክለሱ የሴሉን አብዛኛውን ቦታ ይይዛል። ከዚያ በላይ ያሉት ሴሎች መከፈላቸውን አቁመዋል። ውሃ እየሳቡ ቫኪዮላቸውን (በሴሉ ውስጥ ያለውን የውሃ ከረጢት) ይሞላሉ፣ ይረዝማሉ። ሥሩን ወደ ታች የሚገፋው በዋናነት ይህ መርዘም ነው።

ተማሪዎቹ ሲያዩ የነበሩት እንግዲህ ስማቸውን የሸመደዷቸው ደረጃዎች በጭራሽ የማይካሄዱበትን ቦታ ነው። እንዴት እዚያ ደረሱ? ሲሠሩ ቆመን ስንመለከት ታወቀ። ሥሩን ከፈሳሹ የሚያወጡት በወረንጦ ጫፉን ቆንጥጠው ነበር። ለስላሳው ሜሪስተም ወረንጦው ጥርስ ላይ ተጨፍልቆ ይቀራል። የተረፈውን ረጅም ቁራጭ ስላይድ ላይ አድርገው ይጫኑታል። ጫፉ ሳይጎዳ የወጣላቸውም ቢሆኑ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቁራጭ እንዳለ ነው የሚያስቀምጡት። የሚፈለገው ሜሪስተም ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይጠፋል።

የጥቁሩ ጉብታ ምክንያት ሌላ ነው። የዕፅዋት ሴሎች ፔክቲን በሚባል ነገር እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ይህ ካልላላ አውራ ጣትህ እስኪያምህ ብትጫን ሴሎቹ አይለያዩም። የሚያላላው በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ባለ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። መመሪያው ላይ ተጽፏል። መምህሯ ግን ይህን እርምጃ ዘላዋለች። ክፍል ሙሉ ልጅ ይዞ የሞቀ አሲድ ማዘዋወር አስፈርቷት ነው። ፍርሃቷ ተገቢ ነው።

የተወሰዱት እርምጃዎች

አሲዱን መምህሯ ብቻዋን፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጋ፣ ለሁሉም ቡድን በአንድ ጊዜ እንድትሠራው ተስማማን። ተማሪዎቹ የሚደርሳቸው በውሃ የታጠበ ሥር ነው። ይህ አንድ ለውጥ ብቻውን ጉብታውን አስቀረው።

ሥር ሲመረጥ ነጭ፣ ቀጥ ያለና አጭር እንዲሆን ተባለ። ጫፉ ቡናማ የሆነ ሥር ማደጉን አቁሟል። ውሃውም ቀዝቃዛ ቦታ እንዳይቀመጥ፤ ቅዝቃዜ የሴል ክፍፍልን ያዘገያል።

ወረንጦው ከተቆረጠበት በኩል እንጂ ከጫፉ በኩል እንዳይነካ ተደረገ። ጫፉ የትኛው እንደሆነ ደግሞ ቀለሙ ራሱ ያሳያል። ሥሩ ከአሲዱ ወጥቶ ቀለም ውስጥ ሲቆይ አንደኛው ጫፍ ጠቆር ብሎ ይቀላል፤ ሌላው ደብዘዝ ይላል። የጠቆረው ሜሪስተም ነው። ትንንሽ ሴሎች፣ ትልልቅ ኒውክለስ፣ ስለዚህ በትንሽ ቦታ ብዙ ዲኤንኤ። ያቺን የጠቆረች ጫፍ ብቻ በምላጭ ቆርጦ ሌላውን መጣል። ልጆቹ መጣሉን አልወደዱትም፤ «ቲቸር፣ ይቺ ብቻ ናት?» የሚለው ብዙ ነበር። አዎ፣ የሰናፍጭ ፍሬ እንኳ የማታክል ቁራጭ ናት።

ከዚያ አንድ ጠብታ ቀለም፣ ከቨር ስሊፕ (ስስ መሸፈኛ መስታወት)፣ ከላይ የታጠፈ ሶፍት፣ ከዚያ አውራ ጣት። ቀጥ ብሎ ወደ ታች መጫን እንጂ ወደ ጎን ማንሸራተት የለም። ጎን ለጎን ከተንሸራተተ ሴሎቹ ተጠቅልለው ይበላሻሉ።

የሪፖርቱ ቅጽም ተቀየረ። የድሮው «አራቱን ደረጃዎች ፈልገህ ሳል» ይል ነበር። ያላገኘ ሰው ማርክ እንዳይቀርበት መኮረጁ ምን ይገርማል? አዲሱ ቅጽ ባዶ ክብ አለው። በክቡ ውስጥ ያየኸውን ሳል፣ በእይታው ውስጥ ስንት ሴል እንዳለና ስንቱ በየትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ቁጠር ይላል። «አላየሁም» ሙሉ ማርክ ያሰጣል። የልጅቷም ማርክ ተስተካከለ።

ስላይዱ ላይ የታየው

በዚህኛው ዙር ስላይዶቹ ሌላ ነገር ሆኑ። አብዛኞቹ ሴሎች አሁንም ኢንተርፌዝ ላይ ናቸው፤ ትንንሽ፣ ኒውክለሳቸው ደቃቅ ነጠብጣብ የሞላበት፣ ውስጡ ኒውክሊዮለስ የሚባል ትንሽ ክብ አካል የሚታይበት። በመሃላቸው ግን ሌሎች አሉ።

አንዱ ጋ ኒውክለሱ የተወሳሰበ ክር ይመስላል። ፕሮፌዝ ነው። ረጅሙ ዲኤንኤ እየተጠቀለለ፣ እየወፈረ ነው። ሌላው ጋ የኒውክለሱ ድንበር ጠፍቷል፤ ክሮሞሶሞቹ በሴሉ ወገብ ላይ ተደርድረዋል። ይህ ሜታፌዝ ነው። እዚህ ላይ ሴሉ እንዲያው ለሰልፍ አልቆመም። በእያንዳንዱ ክሮሞሶም ላይ ያሉት ጥንድ ክሮማቲዶች፣ ማለትም የተባዛው ክሮሞሶም ሁለት ቅጂዎች፣ ከሁለቱ ተቃራኒ ዋልታዎች በሚመጡ የስፒንድል ክሮች መያዛቸው እስኪረጋገጥ እየጠበቀ ነው። አንድ እንኳ ያልተያዘ ካለ መለያየቱ ይዘገያል። ሁሉም ሲያዙ ሴፓሬዝ የተባለው ኢንዛይም ጥንዶቹን አጣብቆ የያዛቸውን ኮሂሲን የተባለ ፕሮቲን ይቆርጠዋል።

ከዚያ አናፌዝ። ልጆቹ በጣም የወደዱት ይህን ነው። ሁለት እጅብ ያሉ ክሮሞሶሞች ጀርባ ለጀርባ ሆነው ወደ ሁለቱ ዳር ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ክሮሞሶም የታጠፈ ነው፤ እጥፋቱ ወደ ዳሩ፣ ሁለቱ ክንዶች ወደ መሃል። ለምን ታጠፈ? የሚጎተተው ከሴንትሮሜሩ፣ የስፒንድል ክሮቹ ከሚይዙት ቦታ፣ ስለሆነ ነው። ሴንትሮሜሩ ይመራል፣ ክንዶቹ ይከተላሉ። አንድ ልጅ ይህን ማንም ሳይነግረው ከሥዕሉ ላይ ደረሰበት።

ቴሎፌዝ ላይ በሁለቱ ዳር የተጨመቁ ኒውክለሶች፣ በመሃላቸው ደግሞ ስስ መስመር ይታያል። መስመሩ አዲስ የሚሠራው ግድግዳ መጀመሪያ ነው። የእንስሳ ሴል በአክቲንና ማዮሲን ቀለበት ወገቡ ላይ ተጨምቆ ለሁለት ይቆረጣል። የዕፅዋት ሴል ጠንካራ ግድግዳ ስላለው መጨመቅ አይችልም፤ ከመሃል ጀምሮ ወደ ዳር ግድግዳ ይሠራል። ልጆቹ ቀደም ሲል ያዩት የእንስሳ ሴል ቪዲዮ እዚህ ላይ ጎድቷቸዋል። ብዙዎቹ የማይኖረውን ጭምቅ ሲፈልጉ ነበር።

ቪዲዮው ሌላም ጉዳት ነበረው። ለእያንዳንዱ ደረጃ እኩል ጊዜ ይሰጣል። ልጆቹም አራቱን ደረጃዎች በእኩል ቁጥር ለማግኘት ጠበቁ። ቆጠራው ሌላ ነው ያለው። ኢንተርፌዝ ከሁሉም እጅግ ይበዛል፤ ከሚከፈሉት ውስጥ ፕሮፌዝ ይበዛል፤ አናፌዝ ጭራሽ ያላጋጠማቸው ቡድኖች ነበሩ። የአውቶቡስ ፌርማታ ፎቶ ብታነሳ ቁጭ ብለው የሚጠብቁት ይበዛሉ፤ እግራቸው አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ያለው አንድ ሁለት ናቸው። ስላይዱም እንደዚያ ነው። ሴሉ ረጅም ጊዜ የሚቆይበት ደረጃ ላይ ብዙ ሴል ይገኛል። በላብራቶሪ የሚያድጉ ብዙ የሰው ሴሎች ሙሉ ዑደታቸውን ለመጨረስ 24 ሰዓት ያህል ሲፈጅባቸው ማይቶሲሱ ራሱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ከ100 ሴል 4 ገደማ ብቻ ሲከፈል ቢታይ አይገርምም።

ሁለተኛው ችግር፦ ቆጠራው

ስላይዱ ከተሳካ በኋላ መምህሯ አንድ ጥያቄ ጣለች። ሽንኩርት 16 ክሮሞሶም ካለው ሜታፌዝ ላይ ስንት ይሆናል? ብዙዎቹ 32 አሉ። አናፌዝ ላይስ? 16። ትክክለኛው መልስ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው።

የስህተቱ ምንጭ ግልጽ ነው። «ዲኤንኤው ይባዛል፣ ስለዚህ ክሮሞሶሙ እጥፍ ይሆናል» ብለው ነው የያዙት። የመጀመሪያው ግማሽ ልክ ነው፤ ሁለተኛው አይደለም። የተባዙት ሁለት ቅጂዎች በሴንትሮሜር ተያይዘው እስካሉ ድረስ የሚቆጠሩት እንደ አንድ ክሮሞሶም ነው።

መፍትሔው ሁለቱን ነገር ለየብቻ መቁጠር ሆነ፦ ሴንትሮሜሩንና የዲኤንኤ ሞለኪውሉን። ዲኤንኤው ከመባዛቱ በፊት ክሮሞሶም 16፣ ዲኤንኤ 16። ከተባዛ በኋላ፣ በፕሮፌዝና በሜታፌዝም ጭምር፣ ክሮሞሶም 16፣ ዲኤንኤ 32። አናፌዝ ላይ ጥንዶቹ ተላቀዋልና ክሮሞሶም 32፣ ዲኤንኤ 32። ሴሉ ለሁለት ሲከፈል እያንዳንዱ 16 እና 16። አንዴ ይህን ሰንጠረዥ በራሳቸው እጅ ሲሞሉት አብዛኞቹ ዳግም አልተሳሳቱም። እኔ ብሆን የደረጃዎቹን ስም ከማስሸምደዴ በፊት ይህን ሰንጠረዥ አስቀድማለሁ።

ክሮሞሶም መቁጠር ለባለሙያም ቀላል አልነበረም። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል የሰው ክሮሞሶም 48 ነው ተብሎ ይታመን ነበር። 46 መሆኑን ጆ ሂን ቲዮና አልበርት ሌቫን በ1956 አሳተሙ። ልዩነቱን ያመጣው የተሻለ የስላይድ ዝግጅት ነው። ሴሎቹን ጨው የሌለው ያህል በቀጠነ ፈሳሽ አሳብጠው፣ ኮልቺሲን በሚባል ኬሚካል ስፒንድሉን አግደው ክሮሞሶሞቹ ሳይደራረቡ እንዲዘረጉ አደረጉ። ሌቫን ኮልቺሲን በሽንኩርት ሥር ላይ የሚያደርገውን ያጠናው ቀደም ብሎ በ1938 ነበር። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ሽንኩርታቸውን ትንሽ ከፍ አድርገው ማየት ጀመሩ። ኮልቺሲን መርዝ ስለሆነ ወደ ክፍላቸው አልገባም።

ሳይፈታ የቀረው

ሁለት ነገር ቀርቷል። አንደኛው የድንበር ጉዳይ ነው። አንድ ተማሪ የፕሮፌዝ መጨረሻ ያለውን ሌላው ሜታፌዝ ይለዋል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ሴሉ ደረጃ አያውቅም፤ ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ከፋፍለን ስም የሰጠነው እኛ ነን። ክፍሉ የተስማማው ቆጠራ ከመጀመሩ በፊት መለያውን በጽሑፍ በማስቀመጥ ነው፦ የኒውክለሱ ድንበር ጠፍቷል? ክሮሞሶሞቹ ወገብ ላይ ተሰልፈዋል? የማይለየው «አጠራጣሪ» በሚለው ዓምድ ይገባል። ጭቅጭቁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ሁለተኛው ይከብዳል። የዲኤንኤው መባዛት የሚካሄደው በኢንተርፌዝ ውስጥ ነው፤ በዚህ ቀለም ግን አይታይም። ሁሉም ኢንተርፌዝ ስላይዱ ላይ አንድ ይመስላል። መባዛቱ ከማይቶሲሱ ቀደም ብሎ፣ ለራሱ በተለየ ጊዜ እንደሚካሄድ ያሳዩት አልማ ሃዋርድና ስቲቨን ፔልክ ናቸው፤ በ1953፣ በባቄላ ሥር፣ በራዲዮአክቲቭ ፎስፎረስ። በትምህርት ቤት ይህን መድገም አይቻልም። ስለዚህ ዲኤንኤው የሚባዛው ፕሮፌዝ ላይ ነው የሚሉ ተማሪዎች እስከ መጨረሻው ነበሩ። ዓይናቸው ያየው ኒውክለስ መለወጥ የሚጀምረው እዚያ ነው፤ ማስረዳት ብቻውን አላሸነፈውም።

ለሌላ ክፍል የሚተርፈው

ሙከራ ሲከሽፍ ቀለምና ሌንስ ከመቀየር በፊት የሚታየው ነገር ከየት እንደተወሰደ መጠየቅ ይቀድማል። እዚህ ጉዳይ ላይ የሴሉ ቅርጽ መልሱን ይዞ ነበር፤ ቀለሙን የነካነው በከንቱ ነው።

ማርክ የሚሰጠው ለተገኘው ውጤት ብቻ ከሆነ ተማሪው ውጤቱን ያመጣልሃል፤ ከየት እንዳመጣው ግን አታውቅም። የልጅቷ ሪፖርት ባይኖር ኖሮ ሁሉም ስላይድ ባዶ እንደነበር ማንም ሳያውቅ ትምህርቱ ያልፍ ነበር።

አደገኛ እርምጃን መዝለልና ለተማሪ መስጠት ብቻ አይደለም ምርጫው። መምህሩ ለሁሉም አንዴ ሊሠራው ይችላል። ዕፅዋት ስታሳይ የዕፅዋት ቪዲዮ አሳይ፤ ካላገኘህ ያለ ቪዲዮ ይሻላል። የተረፉ ሥሮች ደግሞ አይጣሉም። ከመጠበቂያው ፈሳሽ ወደ 70 በመቶ አልኮል ተዛውረው ፍሪጅ ውስጥ ይቆያሉ፤ የሚቀጥለው ክፍል አሁን የሚሠራው በእነሱ ነው። ቅጹ ላይ መምህሯ አንድ ጥያቄ ጨምራለች፦ «ይህ ሴል ዲኤንኤውን ያባዛ ይመስልሃል? ከስላይዱ ማወቅ ይቻላል?»